አጥር የሳልኩ ቀን

የሰው ልጅ ሞክሮት የማያውቀው ነገር ሁሉ ቀላል ይመስለዋል። ወንበር ላይ ተቀምጦ ኳስ የሚያይ ሰው አጥቂውን ሲሰድብ ሰምታችኋል አይደል? ራሱ ሜዳ ቢገባ አንድ ዙር ሳይሮጥ ምራቁ ይደርቃል። ግን ይሳደባል። እኔም ከዚያ ወገን ነኝ፤ ሥዕል ባየሁ ቁጥር "ይኼንንማ ማን ያቅተዋል!" ማለት ልማዴ ነበር። ምክንያትም አላጣሁ። ሚዛን ከተማ ውስጥ መድኃኒት ቤት ስላለኝ ዕድሜዬን ሙሉ የሐኪም ጽሑፍ ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያንን ማንበብ የቻለ ዓይን ምን ይሳነዋል?

ታዲያ አንድ ቀን ሰላማዊት የምትባል ወጣት የሥዕል አስተማሪ የሳል መድኃኒት ልትገዛ መጣችና፣ "ቅዳሜ የከተማውን ሰው ሰብስበን ደጅ ወጥተን ልንስል ነው፤ ጀማሪም ይችላል። ዶክተር፣ እርስዎም መጥተው ይሳሉ" አለችኝ። (በእኛ ከተማ መድኃኒት የሚሸጥ ሁሉ ዶክተር ነው፤ እኔም ማረም ከተውኩ ቆየሁ።) ለሳል መጥታ "ይሳሉ" ብላኝ ሄደች። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ፣ "ሳሎኑን ቀለም ቀባልኝ ስልህ ወገቤን ያልክ ሰውዬ!" አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ጉሙ ገና ሳይገለጥ፣ ከሚዛን ወደ አማን በሚወስደው መንገድ ዳር ሸራችንን ይዘን ተበተንን። ብልሆቹ ጫካውን መረጡ። ዛፍ ተጣሞ ቢሳል ማንን ይከሳል? እኔን ግን ከበታቼ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ግቢዎች ማረኩኝ፤ እንሰቱ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ፣ መሐል ለመሐል ደግሞ ከማሻ በመጣ ቀርከሃ የታጠረ አጥር። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

ጣሪያዎቹን ሳልኩ፤ ትንሽ ዘመም አሉ። እንሰቱ ጎመን መሰለ። አጥሩ ላይ ስደርስ እጄ አዳለጠኝና መስመሩ ወደ ቀኝ ጥሎኝ ሄደ። ይሄኔ ከኋላዬ "ዶክተር!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የቀኙ ግቢ ባለቤት ወይዘሮ ከድጃ ናቸው፤ ወላጆቻቸው ከጅማ መጥተው እዚህ የከተሙ፣ የታወቁ የጨርቅ ነጋዴ።

"ወላሂ፣ ይኼ አጥር ጓሮዬ ውስጥ ገብቶ ምን ይሠራል?"

"እጄ አዳልጦኝ ነው፣ እትዬ።"

"የሰውየውም እጅ አዳልጦት ነው እኮ የገባብኝ!"

ሰውየው የተባሉት የግራው ግቢ ባለቤት፣ የቤንች ተወላጅ ጋሽ ማርቆስ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ሾፌር፣ የቸርች ሽማግሌ። ሁለቱ በዚህ አጥር ሰበብ ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው በሩን ይዘጋል። ይህን ባውቅ ጫካ እስል ነበር።

ሰላም ፈላጊ ነኝና አጥሩን ወደ ግራ አሻገርኩት። ሰው ተሰብስቦ አይተው ጋሽ ማርቆስም ሽቅብ መጡ። ሸራውን አዩና፣ "ጌታ ይባርክህ ዶክተር፤ እኔ ከአንተ መድኃኒት ገዛሁ እንጂ መሬት መቼ ሸጥኩልህ?" አሉ። ወደ ቀኝ መለስኩት። "ነገ ይኼ ፎቶ ተነሥቶ ማስረጃ ይሆንብኛል!" ብለው ጮኹ ወይዘሮ ከድጃ። ወደ ግራ። ትከሻ ለትከሻ ቆመው "ለሴትዮዋ ንገራት"፣ "ለሰውየው ንገረው" እያሉ በእኔ በኩል ይላላካሉ። ብሩሼ እንደ መኪና ዝናብ መጥረጊያ ወዲያና ወዲህ ይላል። ላቤ ቀለሙ ላይ ይንጠባጠባል።

በመጨረሻ ወይዘሮ ከድጃ በጣታቸው አንድ ቡናማ ነገር ጠቆሙ። "ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?"

"የጋሽ ማርቆስ ላም ናት።"

"ላም? ይህቺ ሶፋ ናት እንጂ!"

ጋሽ ማርቆስ ጎንበስ ብለው አዩ። ኩራታቸው ከዓይናቸው ጋር ታገለ፤ ዓይናቸው አሸነፈ። "እውነትም ሶፋ!" አሉና ሳቃቸው አመለጣቸው። "ከድጃ፣ ላሜን እኮ ሰው የሚቀመጥባት አደረጋት!"

ከድጃ አሉ፤ በስማቸው። ወይዘሮ ከድጃም በሻሻቸው ጫፍ እንባቸውን እየጠረጉ፣ "ለመሆኑ ወለደች?" ብለው ጠየቁ።

"ከወለደችማ ቆየች። ጥጃዋን አላየሻትም?"

"ከየት ብዬ ልያት? በአጥሩ?"

ሁለቱም ቁልቁል አጥሩን አዩ። እኔም ብሩሼን እንዳነሣሁ ቀረሁ። ጋሽ ማርቆስ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ "ዶክተር፣ አጥሩን ለጊዜው ተወው" አሉ።

"አዎ፣ ይቆይ" አሉ ወይዘሮ ከድጃ። "እኛ እንነጋገርበታለን።"

በአረንጓዴ ሸፈንኩት። ሰላማዊት ዞር ዞር ስትል እኔ ጋ ደረሰችና ቁልቁል ግቢውን፣ ከዚያ ሸራውን አየች። "ዶክተር፣ አጥሩ የት ሄደ?"

"ድርድር ላይ ነው።"

እውነተኛው አጥር ዛሬም አልፈረሰም፤ ሰው እንዲህ በቀላሉ አጥር አያፈርስም። ነገር ግን መሐሉ ላይ ትንሽ በር ወጥታለታለች። እጄ ቀጥ ብሎ አጥሩን እንዳለ ቢስለው ኖሮ፣ ሁለቱም "ጎበዝ" ብለውኝ በየበራቸው ይገቡ ነበር።

ወሬው ርቆ ተጓዘ። በቀደም ዕለት ከወንድሙ ጋር በድንበር የተጣላ ሰው ከቴፒ ደውሎ፣ "ዶክተር፣ የእኛንም መጥተው ይሳሉልን" አለኝ። ሰላማዊት ደግሞ ጎበዝ አስተማሪ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እያሠራችኝ መስመሬ መቃናት ጀምሯል።

"ሳልለምድ ቶሎ ልምጣ" አልኩት።