የኤልሳዕ ቀልድና የሰው ዕቃ

መብራት የሌለበት ከተማ አይተናል፣ ውሃ የሌለበትም አይተናል፤ የሰው ዕቃ ደብቆ «ቀልድ ነው እኮ!» የሚል ሰው የሌለበት ከተማ ግን እስካሁን አልተገኘም። ወላይታ ሶዶ በዚህ ረገድ የተባረከች ናት። ፌስቡክ በየሰው ኪስ መግባት በጀመረበት ሰሞን ይህ ማዕረግ ያለ ተቀናቃኝ የተሰጠው ለክቡር ኤልሳዕ ነበር፤ የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ጠጋኝ፣ የሁለት ሺህ ተከታዮች ጌታ፣ የወይንሸት ታናሽ ወንድም።

ወይንሸት መናኸሪያው አጠገብ ልብስ ትሰፋለች። ሱቋ ግን ከልብስ ስፌት ቤትነቱ ይልቅ አቤቱታ ሰሚነቱ ይበልጣል። ኤልሳዕ የሰው ዕቃ ወስዶ፣ ፎቶ አንሥቶ ይለጥፋል፤ እሷ ትመልሳለች፣ ይቅርታ ትጠይቃለች፣ ሻይ ትጋብዛለች። «ያመዋል እንዴ?» ይሏታል ሰዎቹ። «ኧረ አያመውም፣ ቀልደኛ ነው» ትላለች፤ አነጋገሯ ግን የበሽታ ስም እንደምትጠራ ነው።

የግዥ ክፍሉን ቦልቴን እንውሰድ። ኤልሳዕ የምሳ ዕቃውን ሲከፍት ያገኘው የተቀቀለ ጎደሬ ነበር። «የማስተርስ ምሩቅ ምሳ» ብሎ ለጠፈው። ሦስት መቶ ሰው ሳቀ። ቦልቴም ሳቀ፤ ምን ያድርግ? ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ምሳ ሰዓት በደረሰ ቁጥር «ጾም ጸሎት ላይ ነኝ» ይል ጀመር። ሁለት ወር ሙሉ ጾመ። በእኛ አገር ይህን ያህል የጾመ ሰው ወይ ነቢይ ነው ወይ ጎደሬ ይወዳል።

ጉዳዩ በግምገማ ላይ ተነሣ። ኤልሳዕ ቆሞ «የሰው ዕቃ የመንካት ክፍተት ይታይብኛል፤ አስተካክላለሁ» ሲል ግለ ሂስ አደረገ፤ ቤቱም በአድናቆት ተቀበለው። ስብሰባው ሲበተን የቃለ ጉባኤ ያዡ መነጽር ጠፋ። ከሰዓት በኋላ ፌስቡክ ላይ ተገኘ፤ የዘበኛው ውሻ አድርጎታል።

ከሁምቦ ለጉዳይ የመጡ አንድ አዛውንት ደግሞ ዣንጥላቸውን መሥሪያ ቤቱ በር ላይ አስደግፈው ገቡ። ሲወጡ የለም። ለካስ ከጓሮ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ፎቶ እየተነሣ ነው። ሲፈልጉ ሲፈልጉ ወደ ሁምቦ የሚሄደው የመጨረሻው መኪና አመለጣቸው። ወይንሸት ቤት አደሩ። በማግስቱ ሲሰናበቱ «ልጄ፣ ወንድምሽ ክፉ አይመስለኝም» አሏት። «ግን እኔ የማላውቀው ሰው ሁሉ በእኔ ዣንጥላ ለምን ይስቃል?»

ጥያቄያቸውን ይዛ ወደ ወንድሟ ሄደች። ለኤልሳዕ ስትነግረው «ወይንዬ፣ ስማቸውን መች ጻፍኩ? ቀልድ ነው እኮ!» አላት።

ስም አለመጻፍ የክቡርነታቸው ሥነ ምግባር ነበር። የመምህርት ምሕረትን ትዳር ገና ሳይጀመር ሊያፈርሱ የደረሱትም በዚሁ ሥነ ምግባር ነው።

ኤልሳዕ ከጉኑኖ ሲመለስ ሚኒባስ ውስጥ የተረሳ መጽሐፍ ቅዱስ አገኘ። እንደ ብዙ አማኝ፣ ባለቤቲቱ የጸሎት ርዕሶቿን መጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ ጽፋለች፦ የእናቴ ጉልበት፤ የቤት ጉዳይ፤ «ሶርሳ እውነቱን እንዲነግረኝ፣ ወይም እንዲተወኝ»። ኤልሳዕ ገጹን ፎቶ አንሥቶ «ሶርሳ ሆይ፣ ተናገር!» ብሎ ለጠፈው።

በሶዶ ሶርሳ የሚባል ሁሉ ያን ሰሞን እራቱን ከነጥያቄው በላ። አንዱ ሶርሳማ ያልተጠየቀውን ጭምር ተናዞ ከቤት ተባረረ አሉ። ሳቁ ግን ሁለት ቀን አልቆየም፤ ያን ክብ ክብ ፊደል የማያውቅ ወላጅ አልነበረም። አንደኛ ክፍል የምታስተምረው ምሕረት በየልጁ ደብተር ላይ «ጎበዝ» እያለች የምትጽፍበት ፊደል ነው። ከእጮኛዋ ከሶርሳ ጋር የጋብቻ ማስታወቂያቸው በቤተ ክርስቲያን ሁለት እሑድ ተነቧል፤ የቀረው አንድ ነው።

«አጥፍቼዋለሁ እኮ» አለ ኤልሳዕ፣ ስልኩን ለእህቱ እያሳየ።

«ከስልክህ አጠፋኸው። ከሰው አፍስ?» አለች ወይንሸት። መጽሐፉን ቢዘረጋላት አልተቀበለችውም። «ይህን እኔ አልመልስልህም። ራስህ ውሰድ። አሁን ጌታን አትፈራም አንተ?»

ኤልሳዕ «ቀልድ ነው እኮ» አላለም፤ መጽሐፉን በብብቱ ሸጉጦ ወጣ።

እሑድ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ወንድም ጩማ ሦስተኛውን ማስታወቂያ አነበቡ። «ተቃውሞ ያለው ወገን ካለ…» ሲሉ ኤልሳዕ መጽሐፉን እንደያዘ ብድግ አለ። ጉባኤው በሙሉ ዞረ።

«ወንድሜ፣ ተቃውሞ በጽሑፍ ነው የሚቀርበው» አሉ ወንድም ጩማ።

«ተቃውሞ አይደለም። ያ ጽሑፍ… እኔ ነኝ የጻፍኩት። ፊደሏን አስመስዬ። ቀልድ ነው።»

ሰው ሁሉ ወዲያው አመነው፤ የኤልሳዕን ጥፋት ለማመን ማስረጃ የሚጠይቅ አልነበረም። ገሚሱ ሳቀ፣ ገሚሱ «አስወጡት!» አለ። ሶርሳ ብቻ እፎይ ብሎ ከልቡ ተነፈሰ።

ምሕረት ይህን አየች። ተነሥታ መጣችና መጽሐፏን ከኤልሳዕ እጅ ወሰደች። «ፊደሉ የእኔ ነው። ጥያቄውም የእኔ ነው» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። ከዚያ ወደ እጮኛዋ ዞረች። «እዚህ ሰው ፊት መልስልኝ አልልህም፣ ሶርሳ። ሳትመልስልኝ ግን አላገባህም።» ለኤልሳዕ ደግሞ ዝቅ አድርጋ «አንተንም ገና ይቅር አላልኩህም» አለችው።

ወንድም ጩማ ወረቀታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። መዘምራን ተነሡ። ኤልሳዕ መቀመጥ ረስቶ እንደቆመ ነው፤ ከኋላ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጸዋል። ወይንሸት እጁን ይዛ ጎትታ አስቀመጠችው። ውሸቱ ማንንም አላዳነም፤ ይህን ታውቃለች። ግን ዕድሜ ልኩን በሰው ሲያስቅ የኖረ ወንድሟ ዛሬ ለሰው ብሎ ሊሳቅበት መቆሙን አይታለች፤ አንጀቷን በላው።

«ሞኝ!» አለችው፤ በላብ የራሰ እጁንም አልለቀቀችውም።