ማርላ ዝም ያለችበት ሐሙስ

ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ፣ አስረጂው አፉን ሳይከፍት የምታስረዳ አንዲት ሴት አትጠፋም። ለቅሶ ቤት ሟቹ በምን እንደሞተ ከሐኪሙ ይልቅ እሷ አሳምራ ታውቃለች። ሰርግ ላይ ኬኩ ለምን ወደ አንድ ጎን እንዳዘመመ ለሙሽሮቹ ትነግራቸዋለች። አውሮፕላን ውስጥ ክንፉ ለምን እንደሚንቀጠቀጥ አጠገቧ ለተቀመጠው ሰው ታብራራለች፤ ሰውየውም ከዚያ በኋላ እስኪያርፉ ድረስ እንቅልፍ አይወስደውም። ክፋት የለባትም። እውቀት በአጠገቧ ሲያልፍ ሰላም ሳትለው መቅረት አይሆንላትም እንጂ።

ከእነዚህ ሁሉ አንደኛዋ፣ ያለ ምንም ተወዳዳሪ፣ ክብርት ወይዘሮ ማርላ ዳይክስትራ ናት፤ የስድስት ልጆች እናት፣ በራሷ ማዕድ ቤት ያቋቋመችው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣ ምክትል ርዕሰ መምህር፣ ዘበኛና ወጥ ቤት። ማዕረጓ ሲደረደር አንቱ ያሰኛል። ነገር ግን ከእሷ ጋር ግማሽ ሰዓት የቆየ ሰው አንቱታው ከየት እንደጠፋበት ስለማያውቅ፣ እኛም እሷ እያልን እንቀጥላለን።

ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው ሬኔ ኮዋልስኪ ናት። ሬኔ በሚሺጋን ሐይቅ ዳር ባለች ከተማ፣ በአንድ የሳይንስ ሙዚየም ውስጥ ልጆች በእጃቸው እየነካኩና እየፈታቱ እንዲማሩ የምታደርግ አስተማሪ ናት። በወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ ክፍሏ ትምህርት ቤት ለማይሄዱ፣ ቤታቸው ለሚማሩ ልጆች ይከፈታል። ሌሎቹ እናቶች በጊዜ ይደርሳሉ። ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ ያ ጎኑ የዛገ ነጭ ሚኒባስ በረዶውን እያንኮሻኮሸ መጥቶ የሁለት መኪና ቦታ ይዞ ይቆማል። በሩ ሲከፈት ልጆች ይፈስሳሉ፤ አንዱ የግራውን ጫማ በቀኝ አድርጎ፣ ሌላዋ ዶሮ አቅፋ። ዶሮዋ ወደ መኪናው ትመለሳለች። ከኋላቸው ማርላ የምሳቸው ሾርባ የሚበስልበትን የኤሌክትሪክ ድስት ተሸክማ፣ ሶኬት በዓይኗ እየፈለገች ትገባለች።

"ሬኔዬ፣ ዘገየን። ጎማ ፈንድቶብን ነው። ግን መኪናዋን በክሪክ ያነሷት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። ከትምህርት ይቆጠራል።"

ማርላ ዘንድ ከትምህርት የማይቆጠር ነገር የለም። ታናሹ ልጅ ቦዔዝ ሳንቲም የዋጠ ጊዜ፣ ሳንቲሙ እስኪወጣ ድረስ ቤተሰቡ በሙሉ ስለ አንጀት ርዝመት ተማረ። አውራ ጎዳና ላይ ስትከንፍ ያስቆማትን ፖሊስ፣ መንጃ ፈቃዷን በአንድ እጇ እየሰጠችው፣ "ይሄ ራዳር ፍጥነት እንዴት እንደሚለካ ለልጆቹ ብታሳይልን" አለችው። ምስኪኑ ሰው ምን ይበል? ስድስቱንም በየተራ በመንገዱ ዳር እያስሮጠ ለካቸው። ሲላስ የሚባለው ትልቁ ልጅ አንደኛ ወጣ። ፖሊሱ ውጤቱን ሲያበስር ደስ ብሎት፣ እናትየውን መቅጣቱን ረስቶ ሸኛቸው። የሙዚየሙ ሊፍት ከእሷ ጋር የተበላሸ ዕለትም ውስጥ የነበሩት ሁሉ ስለ ገመድና ስለ ክብደት ጠግበው ነው የወጡት። አንድ አዛውንት ከዚያ ወዲህ ጉልበታቸውን እያመማቸውም ቢሆን በደረጃ ነው የሚመላለሱት።

ይሄ ሁሉ ለሬኔ ችግር አልነበረም። የሬኔን ዕድሜ የበላው የማርላ ሌላኛው አባባል ነው፤ "አንድ ነገር ብቻ ልጨምር" የሚለው። ሬኔ ትምህርቱን እንደ ተረት አጣፍጣ፣ ልጆቹን በጥያቄ እየመራች ጫፍ ታደርሳቸውና፣ እነሱ ራሳቸው ሊደርሱበት ትንሽ ሲቀራቸው ከኋላ አንድ እጅ ይነሳል። ማርላ እጇን የምታነሳው ለማስፈቀድ አይደለም፤ እጁና ቃሉ አብረው ነው የሚወጡት። ልጆቹ ከጭቃ የሠሩት እሳተ ገሞራ ሳይፈነዳ ለምን እንደሚፈነዳ ተናግራ ትጨርሳለች፤ ከዚያ በኋላ እሳተ ገሞራው ቢፈነዳም ማንም አይደነግጥለትም።

ሬኔ ያልሞከረችው ዘዴ የለም። ሥራ ቢይዛት ብላ ጓንት እንድታድል ሰጠቻት። ማርላ ጓንቱ ከምን ዛፍ ወተት እንደሚሠራ እያብራራች አደለች። ከኋላ ጥግ ወንበር አዘጋጀችላት። ማርላ ድምፅ ከጥግ ሲነሳ ለምን ጎልቶ እንደሚሰማ አብራራች፤ እውነትም ጎልቶ ተሰማ። ሬኔ ሐሙስ ሐሙስ ቤቷ ስትገባ ለባሏ የምትለው አንድ ነገር ነው። "እግዜር አንዲት ሐሙስ፣ አንዲት ብቻ፣ ዝም ቢያሰኝልኝ ምን ይጎዳዋል?"

የየካቲት ወር ትምህርት ስለ ልብ ነበር። ሬኔ እንደ ልማዷ ልጆቹ ቆርጠው የሚያዩዋቸውን የበግ ልቦች ከሥጋ ቤት አዘዘች። በዚያው ሳምንት ማርላ ደወለች። ባሏ ዋረን፣ ያ የሲሚንቶ መኪና የሚነዳው ግዙፍ ሰው፣ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ማጠር ጀምሮት ነበር። ልቡ ውስጥ ካሉት መዝጊያዎች፣ ሐኪሞቹ ቫልቭ ከሚሏቸው፣ አንደኛው አልገጥም ብሎ ደሙ ወደ ኋላ ይፈስሳል። በሚመጣው ሰኞ ደረቱን ከፍተው ሊቀይሩለት ነው። ማርላ ይህን ሁሉ የተናገረችው ስለ በረዶው እንደምታወራ አድርጋ ነው።

"እንግዲያው ትምህርቱን እቀይረዋለሁ፣ ማርላ። ማግኔት እናድርገው። ልጆቹ ምን በወጣቸው..."

"ለምን ተብሎ? በዚህ ሳምንት ስለ ልብ ያልተማሩ መቼ ሊማሩ ነው? እንመጣለን።"

ሐሙስ ሚኒባሱ በሰዓቱ ደረሰ። ይሄ ራሱ ደስ አይልም ነበር። ድስቱ የለም፤ ልጆቹ ሳይጋፉ ወረዱ፤ ሁሉም ጫማቸውን በትክክል አድርገዋል።

ሬኔ ትምህርቱን ጀመረች። "ልብ አራት ክፍል አለው" አለችና፣ በልማድ፣ ልትቋረጥ ቆም አለች። ማንም አላቋረጣትም። ቀጠለች። እውነቱን እንናገርና መጀመሪያ ላይ በጣም ደስ አላት። ስንት ዘመን ግማሽ ላይ ሲቀሩ የኖሩ ዐረፍተ ነገሮቿ እስከ መጨረሻቸው ደረሱ። አንድ የቆየ ቀልዷን እንኳ አወራች፤ ልጆቹም ሳቁ። ከዚያ ቀና ብላ ወደ ኋላ ብትመለከት፣ ማርላ ከልጇ ከታቢታ ጀርባ ቆማ፣ ንጹሕ የሆነውን ጠረጴዛ በጨርቅ ትወለውላለች።

ታቢታ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከስድስቱ ብዙ የማትናገረው እሷ ናት። ሬኔ እንዳሳየቻቸው፣ ከልቡ የሚወጣውን ትልቁን የደም ቱቦ ቆርጣ ከላይ በማንቆርቆሪያ ውሃ ጨመረችበት። ከታች መዝጊያው፣ ሦስት ስስ ከረጢቶች፣ ተነፍተው እርስ በርስ ገጠሙ። ውሃው ቆመ፤ አንዲት ጠብታ አልወረደም። ልጅቷ ጥቂት አየችውና፣ ማንም ሳያዛት መቀሱን አንስታ ከከረጢቶቹ አንዱን ቆረጠችው። ውሃው ትሪው ላይ ተንዠቀዠቀ።

"የአባዬ እንዲህ ነው የሚያፈስሰው?"

"እንዲህ ነው" አለች ሬኔ ቀስ ብላ።

"አዲሱስ? እሱም ቢያፈስስስ?"

ጥያቄው ለሬኔ አልነበረም። ስድስቱም ልጆች ዞረው እናታቸውን አዩ። ማርላ ጨርቁን አጠፈችው፤ መልሳ ዘረጋችው። አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም።

ሬኔ ስትለምነው የኖረችው ዝምታ ይኸውና መጣላት። አልወደደችውም። ታቢታ እናቷን እያየች ፊቷ ተለዋወጠ። ያቺ ልጅ ከተወለደች ጀምሮ እናቷ መልስ ስታጣ አይታ አታውቅም፤ አሁን የፈራችው ከቫልቩም በላይ ይህን ነው። ሬኔ ራሷ መመለስ ትችል ነበር። ግን የሬኔ መልስ ለዚህች ልጅ ምን ይሠራላታል? በዚያ ቤት መልስ ማለት ከማርላ አፍ የሚወጣ ነው።

ስለዚህ ሬኔ ኮዋልስኪ በሥራ ዘመኗ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች። ሆን ብላ ተሳሳተች።

"እንግዲህ ልጆች፣ የልብ ቀኙ በኩል ደሙን ወደ መላ አካላት ይልካል፤ ግራው ወደ ሳንባ።"

ማርላ ቀና አለች። ጨርቁን ግን አልለቀቀችም።

"ለዚህም ነው ቀኙ ግድግዳ የሚወፍረው" አለች ሬኔ።

ሌሎቹ እናቶች ተያዩ። ሲላስ የያዘውን ልብ አገላብጦ አየና፣ "ሚስ ሬኔ፣ የወፈረውማ ግራው ነው" አለ።

"ቀኙ ነው" አለች ሬኔ ዓይኗን በጨው አጥባ። "ዓሣም እንደዚሁ ነው። የዓሣ ልብ ጅራቱ አካባቢ ስለሆነ፣ ሲዋኝ እየተወዛወዘ..."

ማርላ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

"አንድ ነገር ብቻ ልጨምር" አለች። "ይቅርታ አድርጊልኝ ሬኔዬ፣ ምን ነካሽ? ግራና ቀኙን አገላብጠሽዋል። ስለ ዓሣው ባናነሳው ይሻላል። ደግሞ ይሄ የበግ ልብ አይደለም።"

"ምን አልሽ?"

"የአሳማ ነው። የበግ ስብ ጠንከር ያለ ነው፤ ይሄን ንኪው፣ ለስላሳ ነው። ገና ስገባ ነው ያየሁት።"

ሬኔ የፊተኞቹን ስህተቶች ሆን ብላ ነበር የሠራቻቸው፤ ይሄኛውን ግን አላወቀችውም። በኋላ ሥጋ ቤቱን ስትጠይቅ፣ የበጉ አልቆ ስለነበር ልዩነቱን ማን ያውቃል ብለው እንደላኩላት ነገሯት።

"ስትገቢ አይተሽ እስካሁን ዝም አልሽ? አንቺ?"

"ዝም አልኩ።" ማርላ ጓንት ማጥለቅ ጀመረች። "ምክንያቱም ለዋረን የሚያስገቡለት ከአሳማ የሚወሰደውን ነው። ለልጆቹ አልነገርኳቸውም። እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው ጠፋኝ።"

በመጀመሪያ የተናገረው ቦዔዝ ነው።

"አባዬ ጅራት ያወጣል?"

"ጅራት አያወጣም።"

"ማታ ማታ ቢያንኮራፋስ?" አለ ሲላስ።

"እሱማ ድሮም ነው" አለች ማርላ፤ አንድ እናት ሳቋን መያዝ አቃታት። "የምትገባው መዝጊያዋ ብቻ ናት። አጥበው፣ በመድኃኒት አዘጋጅተው፣ በክር ይሰፏታል። የአሳማ ልብ በመጠኑም በአሠራሩም የሰውን ይመስላል፤ ለዚህ ነው የመረጡት። ኑ፣ ቀረብ በሉ። ታቢታ፣ አንቺ ወደዚህ።" አዲስ ልብ አነሳች፤ ቱቦውን ቆረጠች፤ የልጅቷን ጣት ይዛ ከረጢቶቹ ላይ አሳረፈችው። "ታፈስሳለች ወይ አልሽኝ። እኔ አላውቅም። እኔ ስላልኩሽም አትመኚኝ። ውሃ አምጪና ራስሽ ሞክሪያት።"

ታቢታ ውሃ ጨመረች። ያዘ። ገልብጣ ደፋችውና እንደገና ጨመረች። ያዘ። ከዚያ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ሄደች፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው፤ ሌሎቹ ልጆች ልባቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ይጠብቋታል። እናትየው ከኋላዋ እየተከተለች ስለ ግፊት፣ ስለ ክሩ፣ ስለ ሰመመን ታወራለች። ሰዓቱ ካለፈ ቆይቷል፤ ግን እነዚህ ልጆች ደወል የሚባል ነገር አያውቁም። ውጪ ከአንድ ትምህርት ቤት የመጡ ተማሪዎች ተሰልፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ አስተማሪያቸው በሩን ታንኳኳለች። ሬኔ በጀርባዋ በሩን ደግፋ፣ እጀታውን ጨብጣ ቆመች።

"ክፍሉ ተይዟል" አለች በትከሻዋ በኩል።

ታቢታ ከመጨረሻው ጠረጴዛ ተመለሰች። እጅጌዋ እስከ ክርኗ ርሷል።

"ሁሉም ያዘ፣ እማዬ። አንዱም አላፈሰሰም።"

ማርላ ልጅቷን ከነርጥበቷ አቀፈቻት። እንባዋ ወረደ። እንባ ለምን ጨው ጨው እንደሚል በዚያን ቀን ለማንም አላብራራችም።

ሲወጡ ከሬኔ አጠገብ ቆም አለች። "አንዷን ልብ ልውሰዳት? ዋረን ከእኔ ብሶ ፈርቷል፤ አይናገርም እንጂ። እሱም ይሞክራት።" ሬኔ አንዱን ልብ በበረዶ ሳጥን አድርጋ ሰጠቻት።

በመጋቢት የመጀመሪያው ሐሙስ ትምህርቱ ማግኔት ነበር። ሚኒባሱ ዘግይቶ መጣ፤ ሁለት ቦታ ይዞ ቆመ። ከልጆቹ፣ ከዶሮዋና ከድስቱ በኋላ ዋረን ቀስ ብሎ ወረደ፤ ከስቷል፤ ሲያስነጥሰው እንዳያመው ትንሽ ትራስ ደረቱ ላይ አቅፏል። ታቢታ የጃኬቱን ጫፍ ይዛ በእሱ እርምጃ ትሄዳለች። ሲላስ ለሬኔ ሊነግራት ቀድሞ ሮጠ። "አባዬ የአሳማ ሥጋ መብላት ትቷል። 'ዘመዴን አልበላም' ይላል።"

"እንኳን ለዚህ አበቃህ፣ ዋረን" አለች ሬኔ ወንበር እየሳበችለት። "ሐኪሙ ምን አለህ?"

ዋረን ተቀመጠና ትንፋሽ ሰበሰበ። "እኔማ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ሊያስገቡኝ ሲሉ፣ ጥያቄ አለህ ወይ ቢለኝ..."

"'የለኝም፣ ሰንበት ዕለት ዕቃ ማጠቢያው ላይ ሞክሬያታለሁ፣ አታፈስስም' አይለው መሰለሽ" አለች ማርላ። ዋረን ትራሱን አቅፎ ፈገግ አለ፤ ያለ ምንም ቅሬታ ወደ ኋላው ተደገፈ።

ሬኔ ይህን ታሪክ በስልክ ሁለት ጊዜ ሰምታዋለች። ማግኔቶቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ለራሷም ወንበር ሳበች።

"ከመጀመሪያው ንገሪኝ" አለቻት።