አየር አከፋፋዩ ጓድ ቲኮን

ሞስኮ ውስጥ ሜትር ይዞ የሚዞር ሊቀመንበር የሌለው ቤት የለም። የእኛው፣ ክቡር ጓድ ቲኮን ሳቬሊች፣ ሜትሩን ከእኔ ከልብስ ሰፊዋ ተውሰው አስቀሩት። ከአብዮቱ በፊት የዚሁ ቤት በር ከፋች ነበሩ። የቤቱ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሲሆኑ ሳይንስ ጀመራቸው።

ወለሉን ለክተው ሲጨርሱ ወደ አየር ተሻገሩ። ሰው ሁሉ እኩል አየር ይገባዋል አሉና የጎረቤታችንን የመለከት ነፊውን ደረት በክር ለኩ። ስድስት ላምባ ምድጃ በሚንጫጫበት የጋራ ማድ ቤት ጎመኔን ስቀቅል ከኋላዬ ቆመው ይጽፋሉ።

«እትዬ ግላፊራ፣ ሦስት ጊዜ አዛጉ።»

«እንቅልፌ ነው ጓድ ቲኮን።»

«ይሁን። ሳይንስ ግን አያዳላም።»

በኮሪደሩ ጫፍ የዕፅዋት ሊቁ አርሴኒ ገርማኖቪች ይኖራሉ። ድሮ ቤቱ በሙሉ የእሳቸው ነበር፤ አሁን አንድ ሰፊ ክፍልና አሥራ አራት ተክል ቀርቶላቸዋል። በክረምት በራቸው ገርበብ ሲል አረንጓዴ ብርሃን ኮሪደሩ ላይ ይፈሳል። እኔም ባልዲዬን እንደያዝኩ ቆሜ፣ በረዶው በመስኮቱ ዝም ብሎ ሲወርድ እያየሁ፣ የት እንዳለሁ እረሳለሁ።

አንድ ቀን ጓድ ቲኮን ገብተው ተክሎቹን ቆጠሩ።

«እነዚህ ይተነፍሳሉ?»

«እንዴታ፣ ይተነፍሳሉ» አሉ ሽማግሌው። መዋሸት አያውቁበትም።

«ሳይመዘገቡ?»

በማግስቱ አሥራ አራቱም በነዋሪዎች መዝገብ ገቡ፤ በየስማቸው ማኅተም ተመታ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ሽማግሌው ብቻ አልሳቁም።

በጥር ከወረዳው አንዲት ወጣት ተቆጣጣሪ መጣች። ክፍሉን አየችና፣ «ለአንድ ሰው ይሄ ሁሉ? ቤተሰብ ይግባበት። እሳቸው ምድር ቤት ይውረዱ፣ ቅጠሉ ውጭ ይጣል» አለች። ውጭው ምራቅ የሚያረጋ ብርድ ነው። አርሴኒ ገርማኖቪች አንዷን ቅጠል በመዳፋቸው ሸፈኑ።

ጓድ ቲኮን ጆሯቸው ቀላ። መዝገቡን ገለጡት።

«አንድ ሰው አይደለም ጓድ። አሥራ አምስት ነዋሪ ነው። እንዲያውም ጠቧቸዋል።»

ልጅቷ አነበበች፤ ማኅተሞቹን በጣቷ ዳሰሰች። «ሥራቸው?»

«አየር ማምረት።»

«መደባቸውስ?»

«ገበሬ። ከአፈር ነው የወጡት።»

በእኛ ዘንድ ማኅተም ካረፈበት ወረቀት ጋር የሚሟገት የለም። ክፍሉ ተጨናንቋል ብላ ጽፋ ሄደች።

ሽማግሌው ሊያመሰግኑ አፋቸውን ሲከፍቱ ጓድ ቲኮን ቆባቸውን አወለቁ።

«አርሴኒ ገርማኖቪች፣ ሃያ ዓመት በር ከፍቼልዎታለሁ፤ እዚህ ክፍል ግን ተቀምጬ አላውቅም። ትንሽ አረፍ ልበል?»

ሽማግሌው ራሳቸው ወንበር ሳቡላቸው። ሁለቱም ከቅጠሉ ሥር ጎን ለጎን ተቀመጡ። በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁላቸው፤ እኚህን ሜትረኛ ሊቀመንበር ለካ እወዳቸዋለሁ።