እትዬ የሺ በሽተኛ ሲጠይቁ

እትዬ የሺን የማያውቅ ሰው ገና አልታመመም ማለት ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ ሰው አልጋ ሲይዝ፣ ማንም ያልሾማቸው ክብርት የሕሙማን አጽናኝ ከሐኪሙ ቀድመው ይደርሳሉ፤ ማንኪያ የሚያቆም አጥሚት ይዘው።

ዝናሽ ጡቷ ላይ ካንሰር ሲገኝባትም ቀዳሚዋ እሳቸው ነበሩ። የበሽታውን ስም አይጠሩም፤ «ያ ስሙ የማይነሳው» ነው የሚሉት።

«አንዲት የአንበሳሜ ሴት ልክ እንዳንቺ አሟት…»

«ከዚያስ እትዬ?»

«ከዚያማ… አጥሚትሽን ጠጪ!»

ዝናሽን የከበዳት ግን ይኼ አልነበረም፤ አይዞሽ ነው። ባሏ ሙላቴ አይዞሽ፣ የንስሐ አባቷ አይዞሽ፣ ጎረቤቱ ሁሉ አይዞሽ። እንባዋ ሲመጣ እትዬ የሺ «ተይ! በሽታውን ትቀሰቅሽዋለሽ!» ብለው ይቆጧታል። ባሕር ዳር ሄዳ መድኃኒቱን ስትወስድ ያቅለሸልሻታል፣ አፏም ይቆስላል፤ እሱንስ ቻለችው። ያላለቀሰችው ለቅሶ ግን እንቅልፍና እህል ነሳት። በቃ፣ ከእንግዲህ ለሕክምናው አልሄድም ብላ በሆዷ ቆረጠች።

ጸጉሯ በእፍኝ እየረገፈ ሲያስቸግራት ሙላቴ ላጫት። በማግስቱ እትዬ የሺ ገቡና የተላጨውን ራስ አዩ። በአገሩ ሴት ራሷን የምትላጨው ሰው ሲሞትባት ነው። መርዶ እሳቸውን አልፎ ሄዶ አያውቅም! ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን መቱ።

«ዋይ! ማን ሞተብሽ ልጄ? እኔን ድፍት ያርገኝ!»

ዝናሽ «ማንም» ልትል አፏን ስትከፍት ለቅሶው ቀደማት። ለጸጉሯ፣ ለጡቷ፣ ላታየው ለምትችለው የልጇ ሰርግ አለቀሰች። እትዬ የሺም ሟቹን ሳያውቁ ሙሾ አወረዱለት።

ሙላቴ ከጓሮ ሮጦ መጣ። «ኧረ ማንም አልሞተም! መድኃኒቱ ነው ጸጉሯን የጨረሰው!»

ሌላ ሰው ቢሆን ያፍር ነበር። እትዬ የሺ ግን ዝናሽን እቅፋቸው ውስጥ አስገቡና «ታዲያ ለዚህስ አይለቀስም? አልቅሺ ሆዴ፤ ማን ከለከለሽ?» አሉ፤ ከልካይዋ ራሳቸው እንዳልነበሩ። ያን ቀን ዝናሽ እህል ቀመሰች፤ ተኛችም።

የሕክምናው ቀን ሲደርስ ሚኒባስ ተሳፈረች። እትዬ የሺ ከጎኗ ተቀምጠው ሹፌሩን መንዳት ያስተምሩታል።

«እትዬ» አለች ዝናሽ ቀስ ብላ፣ «መሞት ፈራሁ።»

ሹፌሩን ተዉት። አይዞሽ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት።

«እኔም ፈርቻለሁ፣ ልጄ» አሉና እጇን ያዙ።