ክቡር ማብራሪያ እና ሰባት ጊዜ የሞተችው ልጅ

በየቤተሰቡ አንድ አስረጂ አለ። «እኛ ቤት እንኳ የለም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አስረጂው እሱ ራሱ ነው። አስረጂ ማለት ዓለም ያለ እሱ እርዳታ ለሰው ትገባለች ብሎ የማያምን ፍጡር ነው። በቴሌቪዥን የአየር ጠባይ የሚያነበው ሰውዬ «ነገ ይዘንባል» ሲል፣ አስረጂው ወደ ቤተሰቡ ዞር ብሎ «ነገ ይዘንባል ማለቱ ነው» ይላል። የሳሙና ማስታወቂያ ያስረዳል። የሊፍት ቁልፍ እንዴት እንደሚጫኑ፣ እየተጫኑ ላሉ ሰዎች ያስረዳል።

ልብስ ሰፊዋ የራሷን አስረጂ ያገኘችው በመወለድ ነው። በሁለት ዓመት የሚያንሳት ወንድሟ ነው። አርባ ዓመት ሰዓት ሲጠግን ኖሮ፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቤቷ ገብቶ ከእሷ ጋር ይኖራል። ቤተሰቡ «ክቡር ማብራሪያ» የሚል ማዕረግ ከሰጠው ቆይቷል። እሷም በአፏ አንተ ብትለውም በልቧ አንቱ ትለዋለች፤ ስለዚህ እዚህም አንቱ እንበላቸው፣ ማዕረጉ ይገባቸዋል። ክቡር ማብራሪያ አንድ ጊዜ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄደው፣ አፋቸው ውስጥ ሁለት መሣሪያና ግማሽ ጥቅል ጥጥ ተጠቅጥቆ እያለ፣ ጥርስ እንዴት እንደሚነቀል ለሐኪሙ በእጃቸው አስረድተዋል። ሐኪሙም ጤነኛውን ጥርስ ሊነቅል ምንም አልቀረውም ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ግን ከተፈጥሮዋ ዝምተኛ ናት። ስልሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሱቅ ገብታ «ይህ አይደለም ያዘዝኩት» ብላ አታውቅም፤ የሰጧትን ተቀብላ፣ አመስግና ነው የምትወጣው። የልጇ ልጅ ደግሞ ቁርጥ እሷን ናት። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ እናቷ ሌላ ከተማ ስለምትሠራ አያቷ ዘንድ ነው የምትማረው። ይህች ልጅ ዓይነ አፋርነቷን ከአያቷ ወርሳ፣ ከአያቷ ያልወረሰችውን አንድ ነገር ጨምራበታለች፤ ትምህርት ቤት ባለው የፊልም ክበብ ውስጥ መድረክ መሪ መሆን ትፈልጋለች። ምኞቷን የምታውቀው አያቷ ብቻ ናት።

ባለፈው ጊዜ ልጅቷ እንድትናገር ዕድል ተሰጥቷት ነበር። መድረክ ላይ ወጥታ፣ ወረቀቷን ዘርግታ፣ አፏን ከፍታ፣ ድምፅ ስላልወጣላት መልሳ ዘግታው፣ ሮጣ ወጣች። የክበቡ መምህርት ደግ ሴት ስለሆኑ አንድ ጊዜ ብቻ ሌላ ዕድል ሰጧት። ቅዳሜ ጠዋት ስለ አንድ ፊልም ተናግራ ታሪኩ «ያዋጣል ወይስ አያዋጣም» የሚለውን በምክንያት ማስረዳት አለባት። ካልቻለች ቦታው ለሌላ ተማሪ ይሰጣል።

የተሰጣት ፊልም ደግሞ፣ ጉድ ነው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክታ ሦስቱም ሶፋው ላይ ተደረደሩ። ልጅቷ ከመሃል፣ አያቷ የሚቀመቀመውን የደንበኛ ቀሚስ ጭኗ ላይ አድርጋ ከግራ፣ ክቡር ማብራሪያ ከቀኝ።

ፊልሙ ስለ አንድ ትምህርት ቤት ነው። ንብ አናቢዎች የሚያደርጉትን መረብ ያለው ባርኔጣ ያጠለቀ ሰው፣ በአጥር መቁረጫ መቀስ ተማሪዎችን አንድ በአንድ ይገድላል። ልብስ ሰፊዋ ይህን ያህል አልፈራችም፤ መቀሱ እንዳልተሳለ ከሩቅ አይታለች፣ በዚያ መቀስ እንኳን ሰው ሻሽም አይቆረጥም። ግራ ያጋባት ሊፍቱ ነው። ዋናዋ ልጅ ከገዳዩ ስትሸሽ የማይሠራ አሮጌ ሊፍት ውስጥ ትገባለች፤ በሩ ሲከፈት ከሦስት ቀን በፊት ላይ ትወጣለች።

«ይህቺ ልጅ ቅድም መዋኛው ጋ ሞታ አልነበር?» አለች ልብስ ሰፊዋ ቀስ ብላ።

«ሞታለች፣ እማዬ።»

«ታዲያ አሁን ቁርስ የምትበላው ማን ናት?»

«እሷው ናት። ገና አልሞተችም።»

«ቅድም ሞታ፣ አሁን ገና አልሞተችም?»

«ቆይ እኔ ላስረዳሽ፣ እትዬ» አሉ ክቡር ማብራሪያ ከሶፋው ጫፍ ብድግ ብለው። «ነገሩ ቀላል ነው።»

ክቡር ማብራሪያ «ነገሩ ቀላል ነው» ካሉ በኋላ ቀላል ሆኖ የቀረ ነገር የለም። ፊልሙን አስቁመው የእህታቸውን የልብስ ስፌት ሳጥን ጠረጴዛው ላይ ገለበጡ። ቀዩ የካፖርት ቁልፍ ዋናዋ ልጅ ሆነ። ጥቁሩ ገዳዩ። ነጩ፣ የሸሚዙ፣ መዋኛው ጋ የሞተችው ጓደኛዋ። የክር ማጠንጠኛው ሊፍቱ ነው። ቀዩን በማጠንጠኛው ቀዳዳ ሲያሾልኩ ነጩ ተንከባሎ ሶፋው ሥር ገባ፤ ጓደኛዋም ለአራተኛ ጊዜ ሞተች። ሦስቱም በጉልበታቸው ተንበርክከው ሬሳ ፍለጋ ጀመሩ።

«አሁን ገባሽ?» አሉ ክቡርነታቸው ከሶፋው ሥር።

«ገባኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ። አልገባትም። ቁልፉ የደንበኛ ስለነበር ቶሎ ማግኘት ፈልጋ ነው።

አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ የሚፈጀው ፊልም አራት ሰዓት ፈጅቶ አለቀ። መጨረሻ ላይ ገዳዩ የስፖርት መምህሩ ነው ተባለ። ክቡር ማብራሪያ ግን አልተቀበሉም። «ይህ ለሞኝ የተሠራ መጨረሻ ነው» ብለው ከግድግዳው ላይ ያለፈውን ወር የቀን መቁጠሪያ ገንጥለው በጀርባው ንድፍ ይነድፉ ጀመር። ቀስት፣ ክብ፣ እንደገና ቀስት። በመጨረሻ እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ፍርዳቸውን ሰጡ።

«ገዳዩ ራሷ ዋናዋ ልጅ ናት! ከወደፊት የመጣችው! ማስረጃው ምንድን ነው? የኮሪደሩ የግድግዳ ሰዓት። ገዳዩ በታየ ቁጥር ሰዓቱ አራት ከሃያ ነው። አንድም ጊዜ ዝንፍ አይልም። ጊዜ ለእሷ ቆሟል ማለት ነው! ሰዓት አይዋሽም፣ ልጄ፤ አርባ ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ።»

የልጅቷ ዓይን በራ። «ጋሼ፣ ይህንን ማንም አላየውም! ስለዚህ ፊልሙ ያዋጣል ማለት ነዋ?»

«እንዴታ! እንደ ስዊስ ሰዓት ነው የሚሄደው!»

ልጅቷ አራት ገጽ ጻፈች። ሐሙስን ሙሉ ስትሸመድድ ዋለች፤ ሰሃን እያጠበች «አራት ከሃያ»፣ ጫማዋን እያሰረች «አራት ከሃያ»። ልብስ ሰፊዋ ግን አንድ ነገር ከንክኗታል። እሷ የፊልሙ ነገር ባይገባትም ጥቃቅን ነገር ከዓይኗ አያመልጥም። ዓርብ ከሰዓት ብቻዋን ስትሆን ፊልሙን እንደገና ከፍታ፣ ገዳዩን ትታ ሰዓቱን ብቻ አየች። ተማሪዎቹ ጠዋት ሲገቡ አራት ከሃያ ነው። ጽዳት ሠራተኛዋ ኮሪደሩን ስትወለውል አራት ከሃያ ነው። ገዳዩ በሌለበት፣ ፀሐይ በአንዱ መስኮት ገብታ በሌላው ስትወጣም አራት ከሃያ ነው። የሴኮንዱ ዘንግ ስድስቱ ላይ እንደ ሞተ ዝንብ ተንጠልጥሏል።

ሁለቱም ሲመጡ ለመናገር እየፈራች ሦስት ጊዜ ጉሮሮዋን ጠራረገች።

«እኔ እንጃ… ምናልባት እኔ አልገባኝ ይሆናል። ግን ይህ ሰዓት… ባትሪው አልቆ እንዳይሆን?»

ክቡር ማብራሪያ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ሄደው አፍንጫቸው መስታወቱን እስኪነካ ተጠጉ። አርባ ዓመት ሙሉ ሰው የቆመ ሰዓት ይዞላቸው ሲመጣ፣ ገና በሩ ላይ ሳለ «ቆሟል» ይሉ የነበሩ ሰው ናቸው። ሰዓቱ ለጌጥ የተሰቀለ፣ ማንም ባትሪ ያልቀየረለት ሰዓት ነበር። ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። አላስረዱም።

ልጅቷ አራቱን ገጽ አየችና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «ነገ ምን ልል ነው? እንዳለፈው ልቆም ነው እንደ ጅል! ጋሼ፣ ለምን እርግጠኛ ሆነህ ትናገራለህ? ሁልጊዜ እርግጠኛ ነህ!» ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች።

አያቷ በሩ ላይ ቆማ «እሺ አንቺስ? አንቺ ስታዪው ምን መሰለሽ?» አለቻት።

«እኔማ የወደድኩት ሁለቱ ጓደኛሞች ደረጃው ላይ ሲቀመጡ ነው» አለች ልጅቷ ከውስጥ። «እሱ ግን ምክንያት አይሆንም።»

ቅዳሜ ማለዳ ልብስ ሰፊዋ ሳሎን ስትገባ ክቡር ማብራሪያ ብቻቸውን ፊልሙን ሲያዩ አገኘቻቸው፤ ድምፁ ተዘግቷል፣ የእሳቸውም አፍ ተዘግቷል። ዋናዋ ልጅ ከጓደኛዋ ጋር ደረጃ ላይ ተቀምጣ ብርቱካን የምትካፈልበት ቦታ ነው። እስከ መጨረሻው አዩትና ወደ ኋላ መልሰው እንደገና አዩት። ልብስ ሰፊዋ የታመሙ መስሏት ግንባራቸውን በእጇ መዳፍ ነካች። ትኩሳት የለም።

የክበቡ ክፍል ሠላሳ ወንበር፣ አንድ ነጭ ሰሌዳ፣ አንድ የሚንቋቋ ማራገቢያ አለው። ቤተሰብ ከኋላ ተቀመጠ። ልጅቷ ወጣች። ባዶ እጇን ነበረች። ቆመች። ማራገቢያው ዞረ። አንዱ ተማሪ ሳል ሳለ። መምህርቷ በማበረታታት ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እንደገና ነቀነቁ፣ ከዚያ ቀስ ብለው መነጽራቸውን አወለቁ። ልብስ ሰፊዋ ያ መነጽር ሲወልቅ ስታይ ያለቀ ነገር መሆኑን አወቀች። ልጅቷ በሩን አየች።

«ቆዩ፣ እኔ ላስረዳችሁ!»

ልብስ ሰፊዋ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጣት ደስ ባላት። ክቡር ማብራሪያ ከኋላ ወንበር ተነሥተው ኮታቸውን እየቆለፉ ነው። እሷ የኮታቸውን ጫፍ ይዛ ጎተተች፤ ቢሆንም ስፌቱ የራሷ ነውና አልላላም፣ እሳቸውም አልተቀመጡም።

«ነገሩ ቀላል ነው። ይህ ፊልም የተበላሸው በዚያች ደረጃ ላይ በምትቀመጠው ጓደኛዋ ነው። ለታሪኩ ምንም አትጠቅምም። እንደው ዝም ብላ ብርቱካን ትልጣለች። እሷን ቆርጦ ማውጣት ነበር!»

«አይደለም!» አለች ልጅቷ።

ሁሉም ሰው ወደ እሷ ዞረ።

«አይደለም፣ ጋሼ! አልገባህም! ፊልሙ እኮ የእሷ ነው!» ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ እንጂ አልጠፋም። «ሊፍቱ አያዋጣም። ሰዓቱ አያዋጣም። ሦስት ቀን ወደ ኋላ ከሄደች፣ እዚያ ቀድማ የነበረችው እሷ የት ገባች? ፊልሙ ረስቷታል። ገዳዩም አያዋጣም፣ ስፖርት መምህሩ ለምን እንደሚገድል አንድም ቃል የለም። ግን ሰባት ጊዜ ነው የተመለሰችው። ሰባቱንም ጊዜ ገዳዩን ከመፈለጓ በፊት መጀመሪያ ምን ታደርጋለች? ሄዳ ደረጃው ላይ ጓደኛዋ አጠገብ ትቀመጣለች። ጊዜ እያለቀባት! ትሞቻለሽም አትላትም። ብርቱካኗን ብቻ ትበላለች። ገዳይ ለመያዝ የሚመለስ ሰው እንደዚያ አይቀመጥም። ናፍቃት ነው። እዚያ ጋ ፊልሙ ያዋጣል። እዚያ ጋ ብቻ።»

«ብርቱካኑ ግን…» አሉ ክቡር ማብራሪያ።

«አልጨረስኩም፣ ጋሼ! ተቀመጥ!»

ክቡር ማብራሪያ ተቀመጡ። ልጅቷ ሃያ ደቂቃ ተናገረች። ከሁለት ተማሪዎች ጋር ተከራከረች፣ አንደኛውን አሳቀችው፣ ሌላውን ዝም አሰኘችው። መምህርቷ መነጽራቸውን መልሰው አድርገው «የሚመጣው ሳምንት መድረኩን ትመሪያለሽ» አሏት። ልጅቷ ከክበቡ ልጆች ጋር ቀረች፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች አውቶቡስ ተሳፈሩ።

«ሆን ብለህ ነው?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ክቡር ማብራሪያ በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ።

«እውነት ጓደኛዋ አትጠቅምም ብለህ ነው ወይስ ልጅቷን ልታስነሣት?»

እጃቸውን አገላብጠው አዩት። አንድ ፌርማታ አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። ልብስ ሰፊዋ በሕይወቷ ሙሉ ይህን ዝምታ ስትመኝ ኖራለች፤ አሁን መጥቶ ሲቀመጥላት አንድ ጎኗ የበረዳት መሰላት። የወንድሟ ትከሻ እንዲህ ጠባብ መሆኑን አይታ አታውቅም ነበር። ሲያወሩ ይሰፋ ኖሯል።

«እኔ ምለው» አለች ቀሚሷን እያስተካከለች፣ «ያቺ ልጅ… በመጨረሻ ሞታለች ወይስ አልሞተችም? እኔ እኮ እስካሁን ግራ እንደገባኝ ነው።»

ቀስ ብለው ወደ እሷ ዞሩ። መጀመሪያ ዓይናቸው፣ ከዚያ ትከሻቸው፣ ከዚያ ሁለቱም እጆቻቸው ተነሡ። ሊፍቱን በአየር ላይ ሠሩት። በሩን ከፈቱት። ሰኞን በቀኝ ጉልበታቸው፣ ሐሙስን በግራ ጉልበታቸው አደረጉ። ድምፃቸው እየጨመረ እስከ ሾፌሩ ደረሰ። ከፊት የተቀመጠ፣ ጋዜጣ የሚያነብ ጎልማሳ ዞሮ ገላመጣቸው፤ እንደገና ዞረና «አባት፣ እባክዎ ትንሽ ቀስ ይበሉ» አለ።

ልብስ ሰፊዋ ፊቷ በእፍረት ጋለ። ቢሆንም ወንበሩን ይዛ ወደ ፊት ጎንበስ አለች።

«ይቅርታ፣ ልጄ» አለች አውቶቡሱ ሁሉ እስኪሰማ። «እየሰማሁት ነው።»