በዳዊት ማኅደር የተሻገረ ወረቀት

ከሠርግ የተመለሰን ሰው ጠይቁት፤ ስለ ሙሽሮቹ አይነግራችሁም። እሱ ከማን ጎን እንደተቀመጠ፣ ወጡ እሱ ጋ ሲደርስ እንዴት እንደቀጠነ፣ ማን አይቶ እንዳላየ እንዳለፈው ነው የሚያወራው። መጽሐፍ ያነበበ ሰውም ያው ነው። ይህን የምላችሁ ከመሬት ተነሥቼ አይደለም። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው አጠገብ፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ በሚቆምባት ሱቄ መጽሐፍ ሳከራይ ስንት ዘመኔ! ሰው መጽሐፍ ሲመልስ እጁን አይቼ ብቻ ራሱን አግኝቶበት እንደሆነና እንዳልሆነ አውቃለሁ። ራሱን ያገኘ በሁለት እጁ ይመልሳል። ያላገኘው ጠረጴዛዬ ላይ ይወረውረዋል።

የእኛን ከተማ ሰው ደግሞ ማንበብ ብቻውን አያጠግበውም፤ እስክሪብቶ ይዞ ነው የሚቀመጠው። የአገሩ ልማድ ይመስለኛል። መምህራን አንዷን ቃል እያገላበጡ «አንድም፣ አንድም» ሲሉ እየሰማን ያደግን ሰዎች፣ የደራሲ ቃል ብቻዋን ቆማ ስናያት ታሳዝነናለች። እናም አንዱ የገጹ ዳር ላይ «ውሸት!» ብሎ ይጽፋል። ቀጣዩ ተከራይ ከሥሩ «ውሸታምስ አንተ» ይላል። ሦስተኛው «ሁለታችሁም አታፍሩም? መጽሐፉ እኮ የሰው ነው» ብሎ ይገሥጻቸዋል። እሱም በእስክሪብቶ።

ዳሩ ሁሉ ጽሑፍ ሆኖ ያለቀው ግን ያ አንዱ መጽሐፍ ነው። የጻፉት ሰው በቀድሞው መንግሥት ጊዜ እዚሁ እኛ ዘንድ የእህል ጉዳይ ኃላፊ ነበሩ፤ አቶ አስማረ እንበላቸው። ለወጣቶች ትንሽ ላስረዳ። በዚያን ጊዜ ገበሬው ከምርቱ ላይ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ የሚሸጠው ኮታ ነበረበት። ኮታው የሚወሰነው ከታች በሚወጣ ሪፖርት ነው፤ ሪፖርቱ ደግሞ በረዶ የጨፈጨፈውን ማሳ «ሰብሉ ግሩም ነው» እያለ ይወጣ ነበር። ስለዚህ ገበሬው ያላመረተውን ጤፍ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ይሸጣል። ሁላችንም እናውቃለን፤ አንዳችንም አንተነፍስም። አቶ አስማረ ግን አንድ ዓመት እውነተኛውንና የውሸቱን ሪፖርት ጎን ለጎን አድርገው አዲስ አበባ ትልቅ ስብሰባ ላይ ዘረገፉት። የእኛ አካባቢ ኮታ በቀጣዩ ዓመት ተነሣ። እሳቸውም ከወንበራቸው ተነሥተው ወኅኒ ወረዱ። ከእስር ወጥተው፣ መንግሥት ተለውጦ፣ ጠጉራቸው ከሸበተ በኋላ የደረሰባቸውን ሁሉ ጽፈው አሳተሙ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው ለካ እንዲህም ብዙ ያሳድራል።

መጽሐፉን አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ወዳጄ ከአዲስ አበባ ይዞልኝ መጣ። ሰው ተራ ያዘ። የመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች መጽሐፉን አላነበቡትም፤ ስም ፈለጉበት። ስሙ በክፉ የተነሣ አንድ የቀድሞ ካድሬ ሦስት ቀን አቆይቶ መለሰና «ጥሩ መጽሐፍ ነው፤ መሐል ላይ የሚወቀሰው ግን ሞክሼዬ ነው» አለኝ። የተቆጣውስ ምክትሉ የነበረው ነው። ስሙ አንድም ቦታ የለም። «ያን ሁሉ ስንሠራ እኔ የት ነበርሁ?» ብሎ ጠረጴዛዬን መታው። ሰው ተከሶ ሲቆጣ አይቻለሁ፤ ሳይከሰስ ቀርቶ የሚቆጣ ያየሁት ያኔ ነው።

ከዚያ አያ ደሴ መጡ። ከቁይ ማዶ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው፤ እዚህ የምትማረው ልጃቸው ተከራይታ አንብባላቸዋለች። መጽሐፉን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። «በዚያ ዓመት በሬዬን ሸጬ፣ ጤፍ ገዝቼ ኮታ አገባሁ» አሉኝ። «ይህን ለልጆቼ ስነግራቸው አያምኑኝም። 'ያልዘራኸውን ማን አምጣ ይልሃል፣ አባባ?' ይሉኛል። እኔም እያደር፣ እርጅና አሳስቶኝ ይሆን እንዴ ማለት ጀምሬ ነበር። አሁን ልጄ በገዛ አፏ አነበበችልኝ። አንብባም አለቀሰች። ለጻፉት ሰውዬ ዕድሜ ይስጥልኝ።» መጽሐፉን እንደ ወንጌል ተሳልመው መለሱልኝ። ያን ቀን ሱቄን ቀደም ብዬ ዘጋሁ።

ከተማውን ያመሰው ግን አንድ ገጽ ነው። ከደጀን ታች፣ ዓባይ ድልድይ ላይ፣ በዚያ ዘመን ብርቱ ፍተሻ ነበር፤ የመንገደኛው ዳቦ ሳይቀር ይቆረሳል። አቶ አስማረ ሪፖርቶቹ ያሉባቸው ወረቀቶች እንዴት እንደተሻገሩ ሲጽፉ እንዲህ ይላሉ፤ «ያሻገሩልኝ አንድ የቤተ ክህነት ሰው ናቸው፤ በዳዊታቸው ማኅደር ውስጥ ነበር። አዲስ አበባ ማረፊያቸው ሄጄ ዳዊቱን ልሳለም እጄን ስዘረጋ፣ እሳቸው ወረቀቱን በገዛ እጃቸው አውጥተው ሰጡኝ። የተሸከመውን እያወቀ የማይንቀጠቀጥ ሰው ያየሁት ያን ቀን ነው። በሕይወት አሉ፤ ስማቸውን አልጠራም።»

ከዚያማ የድል አጥቢያ አርበኛ ከየት ይምጣ! በወር ውስጥ «እኔ ነኝ» የሚል አምስት ሰው ሱቄ መጣ። አንዱ ከደጀን አልፎ የማያውቅ ነው። አንዱ በዚያ ዓመት ገና ክርስትና አልተነሣም። ከሁሉም የማይደክሙት ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ጋሽ ምትኩ ናቸው፤ በልጅነታቸው ዲቁና ተቀብለዋል፣ ዳዊትም አላቸው፣ ማስረጃው በቃ ያ ነው። መጀመሪያ ሲያወሩት ወታደሩ ዝም ብሎ አሳለፋቸው። በሁለተኛው ሳምንት ገፈተራቸው። በአራተኛው ጠመንጃ አቀባበለባቸው። ገጹ ዳርም ላይ በአምስት ዓይነት የእጅ ጽሕፈት «እኔ ነኝ» ተጽፎበታል።

እኔ ዝም አልሁ። ትሑት ሆኜ እንዳይመስላችሁ።

ያን ወረቀት በጽሕፈት መኪና የመታሁት እኔ ነኝ። የአቶ አስማረ ታይፒስት ነበርሁ። መጽሐፉ ስለ እኔ ያለው ግማሽ መስመር ናት፤ «የጻፈልኝ ልጅ ፊደል ይገድፍ ነበር»። ይሁን፤ አልከፋኝም፣ ትንሽ ብቻ ነው የከፋኝ። ማኅደሩ ውስጥ የከተትሁትም እኔ ነኝ። የዳዊቱ ባለቤት ሳያውቁ።

የኔታ ክንፉ ይባላሉ፤ ዲማ የቅኔ መምህር ናቸው። ወደ አስኳላ ሳልዞር አራት ዓመት ከእግራቸው ሥር ተቀምጫለሁ። ወባ ይዞኝ ስንቀጠቀጥ የገዛ ደበሎአቸውን ያለበሱኝ ሰው ናቸው። በዚያ ሰሞን በቤተ ክህነት ጉዳይ አዲስ አበባ ሲሄዱ እኔ ቤት አደሩ። አቶ አስማረ እንደሚፈተሹ ስለሚያውቁ ወረቀቱን ሳይዙ ቀድመው ሄደዋል፤ በሌላ ሰው ላክልኝ ብለውኛል። ጠዋት የኔታ ፊታቸውን ሊታጠቡ ጓሮ ወጡ። ዳዊታቸው ከነማኅደሩ፣ ከነዚያ በጠፍር ከሚነገተው የቆዳ ቦርሳው፣ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል። እኔም አሰብሁ፤ የኔታ ዳዊቱን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ያውቁታል፤ በቃሉ የሚያውቅ ሰው መጽሐፉን ምን ሊያደርግ ይከፍተዋል? አጣጥፌ ከተትሁት። ለአቶ አስማረ በስልክ «የየኔታን ዳዊት ይሳለሙ» ስላቸው ይገባቸዋል፤ እንደ ተሳላሚ ቀርበው ሹልክ አድርገው ያወጡታል፤ የኔታም ሳያውቁ ሄደው ሳያውቁ ይመለሳሉ።

ድልድዩ ላይ ቢገኝስ? የሚወስዱት እሳቸውን ነው፤ እኔን አይደለም። ይህን ያን ጠዋት አሳምሬ አውቀዋለሁ። በሰላም ተመለሱ፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ዓይናቸውን ቀና ብዬ አይቼ አላውቅም። መጽሐፉ ላይ «በገዛ እጃቸው አውጥተው ሰጡኝ» የሚለውን ሳነብ፣ ደራሲ መቼም ማጣፈጥ አይተውም ብዬ አለፍሁት።

ወሬው ዲማ ደረሰ። ገበያ የመጡ አንድ ቄስ መልእክት አመጡልኝ፤ «ያ መጽሐፍ አንተ ዘንድ አለ አሉ። ዓይኔ ከድቶኛል። ይዘህ ና፣ አንብብልኝ።» የኔታ ጠርተው መቅረት የለም። መንገዱን ሙሉ፣ ግማሹን በመኪና ግማሹን በእግር፣ አንድ ነገር ወሰንሁ። ሁሉንም አነባለሁ፤ ያቺን ገጽ እዘላለሁ። እንደ አጋሰስ የጫንኋቸው መሆኔን በዚህ ዕድሜያቸው ከእኔው አፍ አይሰሙም።

ጎጆአቸው ውስጥ እንደ ድሮው መሬት ላይ ተቀምጬ ማንበብ ጀመርሁ። የቆሎ ተማሪ የነበረ ያውቀዋል፤ የኔታ ፊት ንባብ ማለት ፈተና ነው። ዐሥር ተማሪ ባንድ ጊዜ ሲያነበንብ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው አንዱ ቃል ከዘለለ አርጩሜዋ የምታርፈው በትክክል እሱ ላይ ነው። እኔ ግን ሽማግሌ ናቸው፣ የመጽሐፉን አንድ ቃል አያውቁም፣ ምን ሊያርሙ ብዬ ተማመንሁ። ሰዓቱ ሲደርስ ሁለት ቅጠል ባንድ ላይ ገለበጥሁና ድምፄን ሳልሰብር ቀጠልሁ።

«ዘለልህ» አሉኝ።

«ምኑን የኔታ?»

«እኔ እንጃ፤ መጽሐፉ በአንተ እጅ ነው። ብቻ ወረቀቱ አሁን ደብረ ማርቆስ ነበር፣ ወዲያው አዲስ አበባ ገባ። ዓባይን ማን አሻገረው?»

ቅጠሉን መልሼ ገጹን አነበብሁላቸው። ስጨርስ መጽሐፉን አስቀምጬ በግንባሬ ተደፋሁ። «የከተትሁት እኔ ነኝ፣ የኔታ። ሳልነግርዎ። ቢገኝ የሚሞቱት እርስዎ ነበሩ፤ አውቄ ነው ያደረግሁት። ይፍቱኝ።»

ከውጭ የተማሪዎቹ ዜማ ይሰማል።

«ዳዊቱን በቃሌ ስለማውቅ የማልከፍተው መሰለህ?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«እናትህንስ አታውቃትም? ስለምታውቃት አታያትም?» ሳቅ አሉ። «ደጀን ላይ መኪናው ለምሳ ሲቆም የዕለቱን ልደግም ከፈትሁት። ወረቀት። አነበብሁት። ዲማ አለበት፣ ቁይ አለበት። 'ሰብሉ ግሩም ነው' ይላል። ልጆቼ ስንት መንደር ለምነው አኩፋዳቸውን ባዶውን ይዘው የገቡበት ዓመት እኮ ነው! የአገሩን ሰብል ከእኔ ተማሪዎች አኩፋዳ የበለጠ የሚያውቅ ማን አለ? መልሼ ከተትሁትና ወደ በረሃው ወረድሁ።»

«አልፈሩም?»

«ምነው አልፈራ! ወታደሩ 'ምንድን ነው አባ?' አለኝ። 'ዳዊት ነው፣ ና ተሳለም' አልሁት። ተሳለመ። ወረቀቱንም አብሮ ተሳለመው።»

«መጽሐፉ ግን አልተንቀጠቀጡም ይላል።»

«ሰውየው የመጡት ተንቀጥቅጬ ከጨረስሁ በኋላ ነዋ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገሩኝም?»

«አንተስ መቼ ነገርኸኝ? ምስጢርህ መሰለኝ፤ ጠበቅሁልህ።» ቀጥለው እጃቸውን ራሴ ላይ አሳረፉ። «ብቻ ፊደል ትገድፋለህ። እርሳስ ጠፍቶ ነው እንጂ ደጀን ላይ አርሜው ነበር።»

ጉልበታቸውን ስሜ እንደ ሕፃን አለቀስሁ። ለካ እኔ ስሸሻቸው በኖርሁበት ዘመን ሁሉ እሳቸው እየጠበቁኝ ነበር። ምን ብዬ ላመስግናቸው? አቶ አስማረንም አመሰገንሁ፤ ያጣፈጡት አንድ ቃል አልነበረም። እንባዬን ስጠርግ ስለ አምስቱ ሰዎች አነሣሁባቸው። «እውነቱን ለከተማው ልንገረው?»

«አምስት ደረሱ?»

«አምስት።»

«ተዋቸው። ያን ጊዜ አንድ ሰው ጠፍቶ ሸክሙ በእኔ በሽማግሌው ላይ ወደቀ። አሁን አምስት ከተገኘ አገሩ ድኗል።»

ደብረ ማርቆስ በተመለስሁ ማግስት ጋሽ ምትኩ ገቡ። «እኔ ስሻገር እኮ እጄ ትንሽ እንኳ...» ብለው ጀመሩ። ብድግ አልሁ። ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጃቸውን በሁለት እጄ ያዝሁ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሽ ምትኩ። ስለ አያ ደሴ፣ ስለዚያ ዓመት ገበሬ ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኋቸው። ከልቤ ነው ያልሁት፤ ምስጋናው ከዲማ ሞልቶኝ መጥቶ ማፍሰሻ አጥቼ ነበር። ጋሽ ምትኩ ደነገጡ። ያን ሁሉ ሳምንት ሲያወሩ ያመናቸው ሰው አልነበረም መሰለኝ። «እስቲ መጽሐፉን አንድ ጊዜ ስጠኝ» ብለው ይዘው ወጡ።

በሦስተኛው ቀን አመጡት። ሰጥተውኝ ወጡ። ገጹን ገለጥሁት። ከአምስቱ «እኔ ነኝ» አንዱ ተሰርዟል፤ ከሥሩ ልብስ በሚያሰምሩበት ጠመኔ «እኔ አይደለሁም፤ በሆንሁ ግን» ተብሎ ተጽፏል።

መጽሐፉን የመለሱት በሁለት እጃቸው ነበር።