“ኮስታራ ናት” ይላል ደብዳቤው

[ማራኪ ሰፈር፤ አንድ የንባብ ክፍል በር ላይ። የትነበርሽ ለተቆጣጣሪነት ልትወዳደር በጧት ከኮሶዬ መጥታለች። ለዚያው ሥራ የሚወዳደረው የአጎቷ ልጅ እንዳልካቸው የድጋፍ ደብዳቤዋን ከእጇ ነጥቆ ያነባል።]

እንዳልካቸው: ስድብ ነው አልኩሽ!

የትነበርሽ: ምነው? የጻፉልኝ ርዕሰ መምህር እኮ ሰው አይሳደቡም።

እንዳልካቸው: “ኮስታራ ሠራተኛ ናት” ይላል። ኮስታራ ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ? ከኮሶ! ኮሶ የጠጣ ሰው ፊት ማለት ነው።

የትነበርሽ: እኔ የሐኪም ክኒን እንጂ ኮሶ ጠጥቼ አላውቅም።

እንዳልካቸው: ባትጠጪስ? አገርሽ ኮሶዬ አይደለም?

የትነበርሽ: [ደንግጣ] እንዲህ ከሆነማ ጎረቤቶቻችን ሁሉ ተሰድበዋላ!

እንዳልካቸው: ስለዚህ ስትገቢ ሳቂ። ስምሽን ሲጠይቁሽ ሳቂ፤ ዕድሜሽን ሲጠይቁሽ ሳቂ።

የትነበርሽ: ዕድሜዬ ምኑ ያስቃል?

እንዳልካቸው: ዝም ብለሽ ሳቂ!

የትነበርሽ: ዝም ልበል ወይስ ልሳቅ?

[ስሟ ተጠራ። ጥርሷን እንደገለጠች ገባች፤ ጥቂት ቆይታ ጉንጯን እያሸች ወጣች።]

እንዳልካቸው: ሳቅሽ?

የትነበርሽ: ጉንጬ እስኪዝል! ኃላፊዋ “ጥርስሽን ያምሻል?” አሉኝ።

እንዳልካቸው: ከዚያስ?

የትነበርሽ: በመኻል ሁለት ተማሪዎች በስልክ ኳስ እያዩ “ጎል!” ብለው ጮኹ። ሳላስበው ሳቄን ትቼ ዞር ብዬ አየኋቸው። ወዲያው ስልኩን አጥፍተው መጽሐፍ ገለጡ። ኃላፊዋም ደብዳቤዬን ደግመው አነበቡና፣ “እኛ የፈለግነው እንዲህ ያለ ቁምነገረኛ ሰው ነው፤ ዛሬውኑ ጀምሪ” አሉኝ። ሌላ አንድ ተቆጣጣሪም ይፈልጋሉ፤ ግባ ብለውሃል።

እንዳልካቸው: [ከረባቱን እያስተካከለ] አንቺን ከተቀበሉማ እኔን ምንጣፍ አንጥፈው ነው!

[ገባ። የሳቅ ድምፅ እስከ ውጭ ተሰማ። ብዙም ሳይቆይ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።]

የትነበርሽ: ምን አሉህ፣ አያ እንዳልካቸው?

እንዳልካቸው: ደብዳቤዬን አነበቡና እሳቸው ሳቁ።

የትነበርሽ: ያንተውስ ምን ይላል?

እንዳልካቸው: “በሥራ ሰዓት እጅግ ተጫዋች ነው።”

የትነበርሽ: ሲጫወት ይውላል ማለት ነዋ!

እንዳልካቸው: [እየጮኸ] እኔ እኮ ምስጋና መስሎኝ በላስቲክ አስለብጬ ሁለት ዓመት ሙሉ ይዤው ዞርሁ!

የትነበርሽ: [ዞር ብላ አየችው፤ ድምፁን ዋጠ] እሽሽ! እዚህ ሰው ያነባል። አንተም በላስቲክ ከማስለበጥህ በፊት ማንበብ ነበረብህ።